ቁልፉን የተቀበለ የለም

ወገኖቼ፣ የምወቅሳችሁ በአንዲት ምንጭ ምክንያት ነው። የሰፈሩን ስም አልጠራም። ብጠራው "እኛ አይደለንም" ብላችሁ እፎይ ትላላችሁ፤ እንድታርፉ ደግሞ አልፈልግም።

ያ ሰፈር የሚቀዳው ከተዳፋት ሥር ከሚፈልቅ ውኃ ነበር። ከብቱ እዚያው ይረግጣል፣ ልብሱ እዚያው ይታጠባል፣ ልጁ እዚያው ይጠጣል፤ ተቅማጡም ከዚያው ይመጣል። ሹመትም ደመወዝም የሌላቸው አንዲት እናት ተነሥተው "ምንጩን ራሳችን እናጎልብት" አሉ። መጀመሪያ ያደረጉት ሰው መቀስቀስ አልነበረም፤ መለካት ነበር። በጋው ሊያልቅ ሲል፣ ውኃው በዓመቱ ውስጥ እጅግ በሚሳሳበት ሰሞን፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ደጋግመው ለኩ። 100 ሰከንድ ሆነ። ይህ በቀን 17,280 ሊትር ነው፤ ለአንድ ሰው 20 ሊትር ቢታሰብ ለ864 ሰው ይበቃል። የሚበቃው ግን ሌሊት የሚፈሰውን የሚይዝ ማጠራቀሚያ ካለ ብቻ ነው። ክረምት ላይ ለክቶ፣ ሌሊቱን ሳያስብ ቦኖ የሚተክል ሰፈር በጋ ሲመጣ ከቧንቧው ፉጨት ይቀዳል።

ከዚያ ሰው ወጣ። ቁፋሮው ውኃው ከሚታይበት ከታች ተጀምሮ ወደ ኋላ፣ ወደ ምንጩ ዓይን ሄደ። ዓይኑ ሲቀርብ ዶማው ቀርቶ በእጅ ተጠረገ። ከፊቱ የታጠበ ድንጋይና ጠጠር ተደረደረ፣ በላዩ የሸክላ አፈር እየረጠበ ተጠቀጠቀ፣ ፊት ለፊቱ ክዳን ያለው የግንብ ሳጥን ቆመ። ከተዳፋቱ በላይ፣ ከዓይኑ አሥር ሜትር ያህል ርቆ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ተቆፈረ፤ ዙሪያው ታጠረ፤ የከብቱ ገንዳ ወደ ታች ተወሰደ። ከላይ በኩል የነበረ አንድ መጸዳጃ ጉድጓድ 30 ሜትር እንኳ የማይርቅ ሆኖ ስለተገኘ ተደፍኖ ሌላ ቦታ ተቆፈረ። ባለቤቱ አኩርፎ ነበር፤ እሳቸው ሦስት ጊዜ ቤቱ ሄደው አስማሙት።

ሳጥኑ ሦስት ቱቦ አለው። አንዱ ወደ ማጠራቀሚያው ይወስዳል። ሁለተኛው ከወለሉ ላይ ሆኖ ደለል ይታጠብበታል። ሦስተኛው የትርፍ ውኃ መውጫ ነው፤ ከምንጩ ዓይን ዝቅ ብሎ የተተከለ፣ አፉ በወንፊት ሽቦ የታሰረ፣ ማንም የማይዘጋው። ይህን ሦስተኛውን አስታውሱት።

ምንጩ ሠራ። በየሳምንቱ ቦዩ ይጠረጋል፣ በየሦስት ወሩ ሳጥኑ ይታጠባል፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ጎማው ይቀየራል። ለጎማው፣ ለሲሚንቶውና ለክሎሪኑ ከየቤቱ ትንሽ መዋጮ ይሰበሰባል። ደብተሩንም ቁልፉንም የያዙት እሳቸው ነበሩ።

አንድ ቀን ስብሰባ ተጠራ። ለቁፋሮው አንድ ቀን እንኳ ያልወጣ ሰው ከኋላ ብድግ ብሎ "ለመሆኑ የጎማው ገንዘብ የት ገባ?" አለ። ጥያቄ ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። አስከትሎ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ብሎ ተቀመጠ። ሰው ሳቀ። እሳቸው ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው "ይኸው፣ አሁኑኑ ይነበብ" አሉ። አንዱ "መሽቷል" አለ። ሌላው "ለሚቀጥለው ይደር" አለ። ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር፤ መዋጮውን የከፈለ፣ ደረሰኙን የተቀበለ፣ ጎማው ሲቀየር ቆሞ ያየ። አንድም "እኔ አይቻለሁ" ያለ አልተገኘም። እሳቸው ቁልፉን ከደብተሩ ላይ አስቀመጡና ወጡ። ቁልፉ እዚያው ቀረ። ስብሰባው ሲበተንም የተቀበለ የለም።

ልቤን የሚቆርጠው ቀጥሎ ያለው ነው። ከሁለት ወር በኋላ ሦስት ሰዎች ደብተሩን ተቀምጠው አነበቡት። ደረሰኙ ሁሉ በየገጹ ተሰፍቷል። ገቢና ወጪው ልክ ነው። እንዲያውም ሁለት ጊዜ ክሎሪን የተገዛው ከራሳቸው ኪስ ነበርና ሰፈሩ ባለዕዳ ሆኖ ተገኘ። ይህን ሄዶ የነገራቸው ማነው? ማንም። ስማቸው የጠፋው በጉባኤ ነበር፤ የጸዳው በሹክሹክታ ሆነ፤ ሹክሹክታው ደግሞ እሳቸው ደጅ አልደረሰም።

ምንጩ ወዲያው አልሞተም። የእንዲህ ያለ ሥራ ክፋቱ ይህ ነው፤ ጠባቂው ከሄደ በኋላ ለወራት ደህና ይመስላል። ቦዩ ደለል ሞላ። ክረምት ላይ ጎርፉ ዘልሎ ወደ ምንጩ ገባና ውኃው ደፈረሰ። የአጥሩ ቋሚ አንድ በአንድ ለማገዶ ሄደ። በጋ ሲሆን አንድ ጎልማሳ በሦስተኛው ቱቦ የሚወርደውን ቀጭን ውኃ አይቶ "ይህ ሁሉ ይባክናል" ብሎ በጨርቅና በጭቃ ደፈነው። ደግ መስሎት ነው። ውኃው ሳጥኑ ውስጥ ከፍ እያለ ሄዶ ከዓይኑ በላይ ሆነ፤ ያን ጊዜ ከሳጥኑ የቆመው ውኃ የሚመጣውን መልሶ ይገፋዋል። ውኃ ሲገፉት አይከራከርም፤ የሚቀለውን መንገድ ፈልጎ ይሄዳል። በሦስተኛው ሳምንት ከግንቡ መሠረት ሥር ሾልኮ፣ ከታች ከከብቱ ገንዳ አጠገብ ጭቃ ለጭቃ ሆኖ ወጣ። ሳጥኑ ደረቀ። ጨርቁ ቢነቀልም አልተመለሰም። ሴቶቹና ልጆቹ ዛሬ የሚቀዱት ከብት ከረገጠው ነው።

ቱቦውን የደፈነውን ሰው ይቅር ብዬዋለሁ፤ አላወቀም፣ የሚያውቁትን ደግሞ እኛ አባረናል። ከኋላ የተናገረውንም ቢሆን እችለዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ስብሰባ የለም። ይቅር የማልለው ሳቁን ነው። "መሽቷል" ያለውን ድምፅ ነው። ዝም ያለውን ቤት ሙሉ ሰው ነው። እኔንም ጨምራችሁ ቁጠሩ፤ በሰው ስም ላይ አፈር ሲበተን "ነገሩን ስለማላውቅ" ብሎ ዝም ማለትን ጨዋነት አድርጌ የኖርኩ ነኝ። ጨዋነት አልነበረም። ከተናገርን ነገ ቁልፉን ያዙ እንዳንባል ፈርተን ነው።

አትጠርጥሩ አልልም። በ2009 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ኤሊኖር ኦስትሮም ግጦሽን፣ መስኖን፣ ደንን በጋራ ይዘው የዘለቁ ማኅበረሰቦችን ስታጠና ከዘለቁበት ምክንያት አንዱ ለተጠቃሚው ራሱ ተጠያቂ የሆነ ተቆጣጣሪ መኖሩ እንደሆነ አሳይታለች። ቁጥጥር ስድብ አይደለም። ስድብ የሚሆነው ጠይቆ መልሱን አለመስማት ነው። ገንዘቡን ሁለት ሰው ይያዝ፤ ደረሰኙ ቁጥር ይኑረው፤ የወሩ ገቢና ወጪ ቦኖው አጠገብ ይለጠፍ። ከኮሚቴው ውጭ የሆኑ ሦስት ሰዎች ሂሳቡን በየስድስት ወሩ ያንብቡ። በስብሰባ ላይ ጥያቄ ከተነሣ ደብተሩ ቢመሽም እዚያው ይነበብ፤ ጉድለት ከሌለ ደግሞ የከሰሰው ሰው እዚያው፣ በዚያው ድምፁ ይናገር።

እሳቸውም አንድ ስሕተት ነበራቸው፤ ይህን መደበቅ አይጠቅማቸውም። ደብተር፣ ቁልፍና እውቀት በአንድ እጅ ነበሩ። ምክትል አላሠለጠኑም። ከሦስተኛው ቱቦ በላይ ግንቡ ላይ በቀለም "አይደፈን" ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ያ ጎልማሳ ጨርቁን ይዞ ይመለስ ነበር ብዬ አስባለሁ። ግን ያን ጊዜ ምክትል ሁኑ ቢባል ማን እጁን ያወጣ ነበር?

በቅርቡ አራት ወጣቶች ደጃቸው ሄደው የምንጩ ዓይን በየት በኩል እንደነበር ጠየቁ። ደብተሩ ልክ ሆኖ መገኘቱንም ልጆቹ ነገሯቸው፤ ዘግይቶም ቢሆን። እሳቸው አልወጡም። በር ላይ ቆመው "በድሮው ሳጥን አትድከሙ፤ ከታች እርጥቡ ከሚጀምርበት ተነሥታችሁ ወደ ኋላ ቆፍሩ፤ በመጀመሪያ ግን ለኩ" አሏቸውና ገቡ። ልጆቹ ሁለት ሜትር ያህል ቆፍረዋል። እስካሁን ያገኙት ጭቃ ነው። ቅዳሜ አምስተኛ ሰው ይፈልጋሉ።