ለአውራ ጣት ክብር ይግባው

ሰኞና ሐሙስ የሐዋሳ ገበያ ሲደራ የሚያስመሰግን ነገር ሞልቷል፤ ቆጮው፣ በኮባ የተጠቀለለው ቅቤ፣ ከሐይቁ የወጣው ቆሮሶ። ከሁሉ አስቀድሞ ሊመሰገን የሚገባው ግን የገዢው አውራ ጣት ነው።

ይህ ጣት ያልጎበኘው አቮካዶ የለም። ሻጯ በሌሊት ተነስታ፣ ሸራዋን አንጥፋ፣ ፍሬውን በመደብ በመደብ ደርድራ ሳትጨርስ ጌታው ከተፍ ይላሉ። አንዱን አንስተው ጫን፣ መለስ። ሌላውን አንስተው ጫን፣ መለስ። ፊታቸው የታማሚ ልብ እንደሚያዳምጥ ሐኪም ኮስተር ብሏል። አፋቸው ግን ሥራ አልፈታም፤ የእድሩን መዋጮ፣ የጎረቤትን ሰርግ፣ የልጃቸውን ፈተና ካገኙት ሁሉ ጋር ያወጋሉ። ይገባቸዋል! ገበያ የሚወጣው ለመግዛት ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ሰው ወሬ ሲያደምቅ እጁን የት ያድርገው?

አቮካዶን በ1938 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወደ አገራችን ያስገቡት የግል አትክልተኞች ናቸው፤ መጀመሪያ ከተተከለባቸው ቦታዎች አንዱም ጎረቤታችን ወንዶ ገነት ነው። ፍሬው ዛፉ ላይ ሳለ እንደማይለሰልስ፣ ተቀጥፎ ጥቂት ቀን ቤት ሲያድር እንደሚበስል የሻጯ ልጆች ሳይቀሩ ያውቃሉ። ጣቱ ግን እንዲህ ያለ ዝግመት አይወድም፤ እዚያው መደቡ ላይ ሊያበስለው ይታገላል። ማታ አንዷ እናት ቤቷ ገብታ ስትቆርጠው ውስጡ ጠቁሮ የምታገኘው የእሳቸው የእጅ ሥራ ነው። ስማቸውን እንኳን አልጻፉበትም፤ ትሕትና ይሏል ይህ ነው።

ጨዋነታቸውስ? ሱፐርማርኬት ሲገቡ ያ ጣት ኪስ ውስጥ ይከተታል። ጥበቃው ቆሞ እያየ፣ የተለጠፈውን ዋጋ ከፍለው፣ አመስግነው ይወጣሉ። ጭማቂ ቤት ስፕሪስ ሲያዝዙም «አቮካዶውን እስቲ አምጡልኝ፣ ልጫነው» ሲሉ የሰማ የለም። ምርመራው መሬት ላይ ለተቀመጠች ሻጭ ብቻ የተሰጠ ልዩ አገልግሎት ነው፤ ያውም በነጻ።

«ጋሼ፣ አይጫኑት፤ ይጠቁርብኛል» ትላለች። አይቆጡም። ጠንካራ ጠንካራውን መርጠው፣ ዋጋ አስቀንሰው፣ ሂሳብ ከከፈሉ በኋላ ቅድም ሲጨፈልቁት የነበረውን አንስተው ያሳዩአታል፦

«ልጄ፣ ይህ እኮ ተበላሽቷል። ማንም አይገዛሽም፤ መርቂልኝ።»