ኮምፒውተሬ ውስጥ ያለ ኪራይ ለተቀመጣችሁ ፎንቶች

ለ፦ ከፍላሽ ወርዳችሁ ሳሎናችን ለሰፈራችሁ ፎንቶች በሙሉ
ባላችሁበት
ጉዳዩ፦ ቤት እንድትለቁ ስለመጠየቅ

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከናንተ ብዛት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ።

እንዴት እንደመጣችሁ የረሳችሁት ስለምትመስሉ ላስታውሳችሁ። ታናሽ ወንድሜ የጓደኛውን የሰርግ ካርድ ዲዛይን አደርጋለሁ ብሎ ፒያሳ አንድ ካርድ ቤት ይሄዳል፣ እዛ ያለው ልጅ ደግሞ እጁ የማይሰስት ነው መሰለኝ «ፎንት ልስጥህ?» ይለውና ፍላሹን ጢም አድርጎ ሞልቶ ይልከዋል። ወንድሜ ያንኑ ማታ ሁሉንም መርጦ ኢንስቶል። አንዱንም ከፍቶ ሳያይ! ሰው ሽንኩርት ሲገዛ እንኳን አገላብጦ አይቶ ነው እኮ። ካርዱ ተሰራ፣ ሰርጉ ተሰረገ፣ ሙሽሮቹ ልጅ ወለዱ፣ እናንተ ግን አሁንም እዛው እማዬ ዳንቴል ያለበሰቻት ሚስኪን ዴስክቶፕ ውስጥ ናችሁ። ባለፈው ቅዳሜ ስቆጥራችሁ ነባሮቹን ጨምሮ 1,214። እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ከዛ ጨርቅ ነው ይባላል፣ እናንተ ወርቁንም ብሩንም ዘላችሁ ቀጥታ ከጨርቁ ነው የጀመራችሁት።

ዎርድ እስኪከፈት አቦል ይጠጣል። እሱን ለምጄዋለሁ፣ ይቅር። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው።

እስቲ ከመሃላችሁ ሀ የሚል እጁን ያውጣ። እኔ እኮ ሞክሬያችኋለሁ፣ «አበበ በሶ በላ» ብዬ ጻፍኩና እየጠራሁ ባንድ ባንድ አስነሳኋችሁ፣ ጆከርማን፣ አበበ ንቅንቅ አላለም። ፓፒረስ፣ ያው አበበ። ቺለር፣ ያ ደም የሚንጠባጠብበት የሚመስለው፣ አበበ ያው ነው፣ በሶውም እንዳለ ነው። ለካ እናንተ ውስጥ የግእዝ ፊደል የሚባል ነገር የለም፣ የሌላችሁን ፊደል ዎርድ ቀስ ብሎ ሀሁ ከሚያውቁት ፎንቶች፣ ከኒያላ ወይ ከኤብሪማ፣ ተበድሮ ይጽፋል፣ ከላይ ያለችው ሳጥን ላይ ግን የሚነበበው የናንተ ስም ነው። ይሄ ነገር ከመስሪያ ቤት የማውቀው ነው፣ ሪፖርቱን ኒያላ ትጽፋለች ፊርማው የአለቃ። እና ያቺ ምስኪን ኒያላ፣ በደጋ አጋዘን ስም ተሰይማ በ2007 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣች፣ እሷ ጋ ለመድረስ ከኤ ተነስቼ በስንቶቻችሁ ጀርባ አልፌ ነው ኤን ላይ የምደርሰው! ከ1,214 ሀሁ የሚቆጥር በአንድ እጅ ጣት አለቀ። ሺህ እንግዳ ሳሎን ተቀምጦ ሰላምታ የሚመልስ አምስት ሰው ማለት ነው።

አሁን ወደ እድሩ ጉዳይ።

ዊንግዲንግስ፣ አንተን ነው። ከፍላሹ እንዳልመጣህና ድሮም የቤቱ እንደሆንክ አውቃለሁ፣ ግን ዛሬ ሳትነሳ አትቀርም። እማዬ የእድራችን ጸሐፊ ናት፣ ማስታወቂያ ራሷ ነው የምትጽፈው፣ በሁለት ጣት ግን ስህተት የላትም። ባለፈው የወር መዋጮ ከ100 ወደ 150 ብር ከፍ ማለቱን ጽፋ ጨርሳ ፎንቱን ላሳምር ብላ የማውሱን ጎማ ስታሽከረክር ዝርዝሩ ከላይ እስከ ታች ተንደርድሮ አንተ ላይ ይቆማል፣ ክሊክ። አማርኛው ምንም አልሆነም፣ ያው አበበ እንዳልሆነው ማለት ነው፣ ስለዚህ እሷም ምንም አላየችም፣ መነጽሯ ደግሞ ወጥ ቤት ነው። ቁጥሮቹን ግን ወሰድካቸው። አንተ ጋ 1 የተከፈተ ፎልደር ነው፣ 5 የፋይል ካቢኔት ነው፣ 0 የተዘጋ ፎልደር ነው። አርባ ኮፒ ታተመ፣ አርባ ቤት ታደለ፣ የወር መዋጮ ከአንድ ክፍት ፎልደርና ሁለት ዝግ ፎልደር ወደ አንድ ክፍት ፎልደር፣ አንድ ካቢኔትና አንድ ዝግ ፎልደር ብር ከፍ ማለቱን እናስታውቃለን ይላል። የባንክ ሂሳብ ቁጥሩማ ባለ ሰባቱ ሁሉ ኪቦርድ ባለ ስምንቱ ሁሉ ማውስ ሆኖ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ መስሏል። አንድ አባት ወረቀቱን ይዘው በራችን መጥተው «ልጄ፣ ካቢኔቱን የምንገዛው በየግላችን ነው ወይስ እድሩ ያቀርባል?» አሉኝ። በሩን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ቁርጤን አውቄ የፎንት ፎልደሩን ከፈትኩና ሁላችሁንም ባንድ ጊዜ መርጬ ዲሊት አልኩ። ወንድሜ ከሶፋው ላይ ሆኖ «መጀመሪያ ባክአፕ ያዝ» አለኝ፣ ምን ልይዝ ነው ባክአፕ የምይዘው፣ አልኩት። ሲስተሙ ግን እምቢ አለ፣ ይሄ የተጠበቀ የሲስተም ፎንት ነው አይጠፋም። እሺ ሴጎ ይቅር፣ የኮምፒውተሩ ሜኑ ራሱ የሚጻፈው በሱ ነው፣ እሱን ማባረር ቤቱን ከነምሰሶው ነው። ሞንጎሊያን ባይቲንም ጃዋኒዝ ቴክስትንም የቼሮኪውን ጋዱጊንም ነካ አድርጌ ተውኳቸው፣ እነሱ ከቤቱ ጋር የመጡ ናቸው፣ የሆነ ቦታ በነሱ ለእናቱ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አለ። ኡላንባታር ላለ ሰው እኛም ሞንጎሊያን ባይቲ ነን እኮ።

እናንተን ግን አንድ በአንድ ያዝኳችሁ። አንዳችሁን ስነካ አራት ሆናችሁ ትወጣላችሁ፣ ደማቁ፣ ዘማማው፣ ደማቅም ዘማማም የሆነው፣ ከነቤተሰብ ነው ለካ የገባችሁት። ግማሻችሁ ደግሞ «ፎንቱ ስራ ላይ ነው» ታስብላላችሁ። የምን ስራ? ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ስትሰሩ ነበር? ዎርድን ዘጋሁ፣ ቴሌግራሙን ዘጋሁ፣ አሁንም ስራ ላይ ናችሁ፣ በመጨረሻ ሪስታርት አድርጌ ምንም ሳልከፍት ገና እንቅልፋችሁን ሳትጨርሱ ነው የያዝኳችሁ። ፒያሳን የሚያክል ሰፈር በ2016 ሲነሳ ዓይኔ እያየ በሳምንታት ውስጥ ነው ያለቀው፣ እናንተን ለማስነሳት ቅዳሜዬ ከነማታው አለቀ፣ መሃል ላይ መብራት የሄደበትን ሳልቆጥር።

እስከዚህ ድረስ ደብዳቤው በደንብ ይሄድ ነበር። ከዚህ በታች ያለው ግን ለአንዳችሁ ብቻ ነው፣ ሌሎቻችሁ ጆሯችሁን ድፈኑ።

አንተ የድሮው የግእዝ ፎንት። አዎ አንተ፣ ስምህን አልጠራም። ከሁሉ በፊት ያባረርኩት አንተን ነው፣ እና ምክንያት ነበረኝ። ያኔ አንተ ስትወለድ ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ የዓለም ፊደሎች ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር የሚያገኙበት መዝገብ ውስጥ፣ አልገባም ነበር፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ፎንቱ ያለው መቀመጫ 256 ብቻ፣ ፊደላችን ደግሞ ከነዝርያው ከ300 በላይ፣ ስለዚህ አንተና መሰሎችህ የላቲኑ ወንበር ላይ ተጨናንቃችሁ ተቀመጣችሁ፣ አንዳንዱም አልበቃ ሲለው ሁለት ፋይል ላይ ተከፈለ። ኮምፒውተሩ እንግሊዝኛ እየጻፈ መስሎት እኛ አማርኛ እናነባለን። አንተ በሌለህበት ኮምፒውተር ላይ ግን ያው ጽሑፍ ዶሮ የጫረው ነው። እኔም አስመሳይ ብዬ አወጣሁህ፣ «እስከመጨረሻው ይጥፋ?» ብሎ ሲጠይቀኝ አዎ አልኩ። ሪሳይክል ቢንም አልገባህም።

እሁድ የእድራችን ዳኛ መጡ። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበሩ፣ ከተማችን ውስጥ እንደ ብርሃንና ሰላም ያለ ከ1914 ጀምሮ የቆየ ማተሚያ ቤት ስላለ እዚህ እንዲህ አይነት ሽማግሌ አይጠፋም፣ የእርሳስ ፊደል ከሳጥን እየለቀሙ መስመር የሚደረድሩ፣ ተገልብጦ የተቀመጠ ጽሑፍ ጋዜጣ እንደማንበብ የሚያነቡ። «የመተዳደሪያ ደንቡን አውጣልኝ፣ አንቀጽ የምናሻሽለው አለ» አሉኝ። ደንቡ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተተየበ ፋይል ነው፣ ያለን እሱ ብቻ ነው፣ ወረቀቱ ዝናብ መትቶታል። ከፈትኩት። አስራ አንድ ገጽ፣ ቃለ አጋኖ፣ የዶላር ምልክት፣ ነጥብ የተለጠፈበት የፈረንሳይ ፊደል፣ አንድም ሀ የለም። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ስክሪኑ ላይ ጎንበስ አሉ፣ ብዙ ቆዩ። ከዛ «ይሄን የለቀመው ልጅ» አሉ፣ «ሰክሮ ነበር።»

ስለዚህ ተመለስ። የሰርግ ካርዱን ልጅ ፈለግኩት፣ ፒያሳ ስትነሳ ሱቁም ተነስቷል፣ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም፣ አንዱ ወደ መገናኛ ሄዷል ይላል አንዱ ወደ ሀያት። ፍላሹን ወንድሜ ፎርማት አድርጎ ፊልም ጭኖበታል። አስመሳይ ያልኩህን አንስቼዋለሁ፣ ወንበሩንም ከፈለግክ የላቲኑን ያዘው፣ ማንም አይናገርህም። የእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ የፊታችን እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፣ ሽማግሌ ላክ ካልከኝም ሽማግሌው ራሳቸው ሳሎን ተቀምጠው ቡና እየጠጡ ነው፣ ዝግጁ ናቸው።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለእማዬ፣ ከነመነጽሯ
ለታናሽ ወንድሜ፣ ፍላሽ እንዳይነካ