ወደ ኮስታ ሪካ ለመሄድ የታሰበው ጉዞና የነርሷ ጥያቄ

ባለፈው የትንሣኤ ሰሞን ሜሪላንድ በሚገኘው የወዳጆቼ ቤት ቡና ላይ ተቀምጠን ሳለ የተነሣው ክርክር እስከ ዛሬ ከሐሳቤ አልወጣም። ባልየው የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፍ፣ ሥራውንም ከቤቱ ሆኖ የሚሠራ ሰው ነው። ባለቤቱ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት። የ13 ዓመት ሴት ልጅና የ7 ዓመት ወንድ ልጅ አሏቸው። የባልየው ታላቅ እኅትም በዕለቱ ከእኛ ጋር ነበሩ።

ነገሩን የጀመረው ባልየው ነው። ቤታቸውን ሸጠው መካከለኛው አሜሪካ ወደምትገኘው ኮስታ ሪካ ለመግባት መወሰኑን ገልጾ፣ አገሩ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ የጦር ሠራዊት እንደሌለው፣ ዋና ከተማው ሳን ሆዜ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በመሆኑ አየሩ ዓመቱን ሙሉ ለስላሳ እንደሆነ፣ በወር 2,500 ዶላር ቋሚ ገቢ እንዳለው ለሁለት ዓመት ማረጋገጥ የቻለ ሰውም ቤተሰቡን ይዞ የጊዜያዊ ነዋሪነት ፈቃድ ማግኘት እንደሚችል በዝርዝር አስረዳን። ወደ እኅቱም ዞሮ፣ «እትዬ፣ እርስዎም የዕድሜ ልክ ጡረታዎ በወር 1,000 ዶላር ከሞላ በጡረተኛነት ሊገቡ ይችላሉ» አላቸው።

«ሜዲኬሩስ ይከተለኛል?» ብለው የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን ስለሚሰጠው የሕክምና መድን ጠየቁት። ከአሜሪካ ውጭ እንደማይሠራ፣ ነገር ግን ነዋሪ የሆነ ሰው ሁሉ በየወሩ እየከፈለ በአገሩ የማኅበራዊ ዋስትና ተቋም ሊታከም እንደሚችል መለሰላቸው። እርሳቸው ግን በዚህ አልረኩም። «ወንድሜ፣ ሠራዊት የሌለው አገር መልካም ነው። እናታችን ያረፈች ጊዜ ግን ይህን ሳሎን ሞልቶ ያደረው የእድራችን ሰው ነው። እዚያ ለቅሶ የሚደርስልህ ማን ነው?» አሉት። ባልየው ለዚህ መልስ አልነበረውም፤ እኔም መልስ ያለው ጥያቄ አይመስለኝም።

እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ቡናውን ስትቀዳ የነበረችው ባለቤቱ ጀበናውን አስቀምጣ፣ «እኔስ እዚያ ምን እሠራለሁ?» አለችው። «ታርፊያለሽ፤ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሠርተሻል» አላት። እንደማየው በቅንነት የተናገረው ነው፤ እርሷ ግን ፊቷ ተለወጠ። ሕጉን አስቀድማ አንብባው ነበርና፣ እርሱ በሚያስበው ፈቃድ የገባ ሰው ተቀጥሮ መሥራት እንደማይችል፣ ለቋሚ ነዋሪነት ማመልከት የሚቻለው ከሦስት ዓመት በኋላ እንደሆነ፣ ከዚያም በኋላ ቢሆን በነርስነት ለመሥራት ስፓኒሽ ቋንቋና የአገሩ የነርሶች ማኅበር ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ነገረችው። «ያንተ ሥራ በሻንጣ ይገባል፤ የእኔ አይገባም። ዕረፍት ጠይቄህ አላውቅም» ብላ ንግግሯን ጨረሰች።

ስለ ትምህርት ቤትም ጥቂት ተባለ። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በነፃ ቢያስተምሩም ትምህርቱ በስፓኒሽ ነው፤ በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩት የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ ውድ ናቸው። የትምህርት ዘመኑ የሚጀምረው በፌብሩዋሪ ስለሆነ ልጆቹ የአሜሪካውን ዓመት መካከል ላይ ማቋረጥ ይኖርባቸዋል። ለትንሹ ልጅ ቋንቋው እንደማይከብደው ሁላችንም ተስማማን። ስለ ትልቋ ግን ማንም ደፍሮ የተናገረ የለም፤ እርሷም ከጎናችን ተቀምጣ እየሰማች ነበር።

እኔ በዚህ ነገር ከሚስትየው ጋር ነኝ። ባልየው ስለ አገሩ የተናገረው ትክክል ነው፤ ዕቅዱ ግን የአራት ሰው ኑሮ በአንድ ሰው ደመወዝ ላይ እንዲቆም የሚያደርግ ሲሆን፣ ቀጣሪው ነገ «ከአሜሪካ ውጭ ሆነህ አትሠራልኝም» ቢለው ወይም ሥራው ቢቋረጥ ቤተሰቡን የሚይዝ ሁለተኛ ገቢ አይኖርም። ስለዚህ ቤቱን ከመሸጥ ይልቅ እንዲያከራዩት፣ የነዋሪነቱንም ነገር ትተው ከርቀት ለሚሠሩ ሰዎች በ2021 በወጣው ሕግ እንዲገቡ መከርኳቸው። ይህ ሕግ ቤተሰብ ይዞ ለሚገባ ሰው በወር 4,000 ዶላር ገቢ ይጠይቃል፤ ፈቃዱ ለአንድ ዓመት ተሰጥቶ ለአንድ ተጨማሪ ዓመት ሊታደስ ይችላል። ባልየው ይህ ጊዜ ለቋሚ ነዋሪነት አይቆጠርም ብሎ እንደ ጉድለት አነሣው። እኔ ግን ማንንም ስለማያስር ለእነርሱ የሚሻለው ይህ ነው ባይ ነኝ። በዚያ ዓመት ከሜይ እስከ ኖቬምበር የሚዘንበውን ዝናብ ቱሪስት ሳይሆኑ ያዩታል፤ ሚስትየውም የሙያ ፈቃዷን እያሳደሰች፣ ሆስፒታሉ ያለ ደመወዝ የአንድ ዓመት ፈቃድ ይሰጣት እንደሆነ አስቀድማ ትጠይቃለች። የሆስፒታሉ መልስ በጽሑፍ እስኪደርሳትና ትልቋ ልጅ ተጠይቃ ሐሳቧን እስክትናገር ድረስ፣ ባልየው የቤት ሽያጭ ወረቀት ላይ ሊፈርም አይገባውም።