የሃይላንድ ውኃ

ባለፈው መጋቢት "ሃይላንድ ልሄድ ነው" ብዬ ለአንድ ጓደኛዬ ስነግረው "ለውኃ ብለህ አራት ሰዓት ትነዳለህ?" ብሎ ሳቀብኝ። አልፈረድኩበትም። ለእኛ ሃይላንድ ማለት የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። የአንድ የታሸገ ውኃ ስም ሆኖ መጣ፤ ከዚያ ማንም ያምርተው ማን ባዶ ጠርሙስ ሁሉ ሃይላንድ ሆኖ ቀረ። በገጠር መንገድ በመኪና ያለፈ ሰው "ሃይላንድ! ሃይላንድ!" እያሉ የሚሮጡትን ልጆች አይረሳቸውም።

እኔ የሄድኩበት የቨርጂኒያው ሃይላንድ ካውንቲ ነው። ካውንቲ ያው በእኛ ወረዳ በሉት። ከምኖርበት ከአርሊንግተን ወደ ምዕራብ ሄዶ ሄዶ የዌስት ቨርጂኒያ ድንበር ላይ ይገኛል። አብረውኝ የሄዱት አጎቴ ናቸው። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከመንዝ የመጡ፣ ሰባ ያለፋቸው ገበሬ ናቸው። ሁለት ወር ሙሉ አፓርታማ ውስጥ ተቀምጠው ተቀምጠው አንድ ቀን "ለመሆኑ እዚህ አገር ገበሬ የለም?" ሲሉኝ ነው ይዣቸው የወጣሁት።

ስታንተን የምትባለውን ከተማ ካለፍን በኋላ መንገድ 250 ሌላ ዓለም ሆነ። ተራራ ትወጣለህ፣ ትወርዳለህ፤ ሸለቆው ውስጥ ጥቂት ላሞችና አንዲት ነጭ ቤተ ክርስቲያን ታያለህ፤ ደግሞ ትወጣለህ። አጎቴ የበሩን እጀታ ጨብጠው ዝም ብለው ቆዩና "ጣርማበርን ይመስላል" አሉ።

አልተሳሳቱም። ይህን መንገድ የቀየሰው ክሎድየስ ክሮዜ የሚባል መሐንዲስ ነው። ፈረንሳዊ ነው፤ በናፖሊዮን ጦር ውስጥ አገልግሎ ነው አሜሪካ የመጣው። ከስታንተን ተነስቶ ኦሃዮ ወንዝ ዳር እስካለችው ፓርከርስበርግ የሚደርስ፣ ኬላ ላይ እየተከፈለ የሚኬድበት መንገድ ነበር። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጨረሻና በ1840ዎቹ ነው። ይህን ስነግራቸው "የእነሱን ፈረንሳይ ቀየሰው፣ የእኛን ዋሻ ጣሊያን ቆፈረው" አሉ። ከዚያ ቆይተው "ልዩነቱ እነሱ ከዚያ ወዲህ ጠግነውታል" አሉ። ከጣርማበር ወደ ግራ ታጥፎ በሞላሌ አድርጎ መሐል ሜዳ የሚዘልቀውን መንገድ የሚያውቅ ይፍረድ።

የካውንቲው ዋና ከተማ ሞንተሬይ ትባላለች። ከተማ ስል በሁለት መቶ ሰው ልክ አስቡት። ሁለት አውራ ጎዳናዎች ይገናኙባታል፤ የትራፊክ መብራት ግን የላትም። በካውንቲው በሙሉም የለም። ቨርጂኒያውያን ይህን አካባቢ የእነሱ ስዊዘርላንድ ነው ይሉታል። በከፍታው ይኮራሉ። ሞንተሬይ ከባሕር ጠለል በላይ 880 ሜትር ያህል ላይ ናት። ጫፎቹ እንኳ 1,500 ሜትር አይደርሱም። አጎቴ የተወለዱት መንዝ ውስጥ ጓሳ ከሚባለው የሣር ደጋ ሥር ነው፤ ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። 880 ሜትር እኛ ዘንድ ቆላ ነው፤ ግመል የሚታይበት። እሳቸው ግን ከመኪና ወርደው ንፋሱ ሲመታቸው ጋቢያቸውን አጣፉና "ቆላ ብትለኝም ብርዱ የደጋ ነው" አሉ። እውነትም የደጋ ብርድ ነበር። ደጋና ቆላን በሜትር ብቻ መለየት እንደማይቻል ያን ቀን ገባኝ።

ሃይላንድ ካውንቲ ሆኖ የተቋቋመው በ1847 ነው፤ ከፔንድልተንና ከባዝ ካውንቲዎች ተቆርሶ። ሞንተሬይ ስሟን ያገኘችው የአሜሪካው ጄኔራል ዛካሪ ቴይለር ሜክሲኮ ውስጥ ሞንተሬይ ላይ ካሸነፈበት ጦርነት ነው። ይህን ሁሉ የምታነበው መንገድ ዳር ከተተከሉ የብረት ሰሌዳዎች ነው። አገሩ ሰው ይነሰው እንጂ ሰሌዳ አላነሰውም። ማክዶዌል የምትባል መንደር ስንደርስ አንዱ ጋ ቆምን። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት (ሜይ) 8 ቀን 1862፣ እዚህ ኮረብታ ላይ የጄኔራል ስቶንዎል ጃክሰን የደቡብ ጦር ከሰሜኑ ጦር ጋር ተዋግቷል። የደቡቡ ጦር አሸነፈ። የሚገርመው ግን ከተሸነፉት ይልቅ ብዙ ሰው የሞተውና የቆሰለው ከአሸናፊዎቹ ነው። አጎቴ ተተርጉሞላቸው ሲሰሙ "ታዲያ ምኑን አሸነፉት?" አሉ።

በዓመቱ፣ በ1863፣ ዌስት ቨርጂኒያ ከቨርጂኒያ ተገንጥላ ራሷን የቻለች ግዛት ሆነች። ጎረቤቶቹ ፔንድልተንና ፖካሆንታስ ወደዚያ ሄዱ፤ ሃይላንድ በዚህ ቀረ። ያው ተራራ፣ ያው ሕዝብ፣ ያው ዘመድ፤ ድንበር መሐሉ ገባ። ዛሬ ድንበሩን የምታውቀው የመንገዱ አስፋልት ቀለም ሲለወጥ ነው። "ይህ ቀበሌ የእኛ ነው" ብሎ የሚጋደል አላየሁም። እዚህ ላይ ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ ልለፈው።

የሄድነው ለሜፕል በዓል ነው። ከ1958 ጀምሮ በየዓመቱ በመጋቢት ሁለት ቅዳሜና እሁዶች ይከበራል። ሜፕል የዛፍ ስም ነው። ሌሊቱ በረዶ፣ ቀኑ ሞቅ ያለ ሲሆን በግንዱ ውስጥ ፈሳሽ ይንቀሳቀሳል። ግንዱን ይበሱትና ያንን ያወጣሉ። ድሮ ባልዲ ይሰቅሉ ነበር፤ አሁን ብዙዎቹ የፕላስቲክ ቱቦ ከዛፍ ወደ ዛፍ ዘርግተዋል። ጫካው በሙሉ ግሉኮስ የተተከለለት በሽተኛ ይመስላል።

አጎቴ "ውርጭ እህል ሲያቃጥል ነው የማውቀው። ስኳር ይሰጣል ሲባል አልሰማሁም" አሉ።

ፈሳሹ የሚፈላበት ጎጆ ገባን። በሩን ስትከፍተው እንፋሎት ፊትህን ይመታሃል። መሐሉ ላይ አልጋ የሚያህል ሰፊ ብረት መጥበሻ ተጥዷል፤ ሥሩ ፍልጥ እንጨት ይነዳል። አጠገቡ የቆሙት ሽማግሌ በረጅም ጭልፋ እየቀዱ ከፍ አድርገው ያንጠባጥባሉ። ጠብታው ቶሎ ከወረደ ገና ነው፤ ከጭልፋው ጠርዝ ላይ እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሎ ከቀረ ደርሷል። አጎቴ ዐይናቸውን አልነቀሉም። ያልፈላውን አስቀመሷቸው፤ "ውኃ ነው" አሉ። የደረሰውን አስቀመሷቸው። ዝም አሉ። "ማር ነው፣ ግን ንብ የለበትም።" አርባ ጀሪካን ተቀቅሎ አንድ ጀሪካን እንደሚወጣው ስነግራቸው "ታዲያ ከአረቄ ይብሳል" ብለው ሳቁ። ሽማግሌው ምን እንዳሉ ጠየቁኝ። አረቄ ምን እንደሆነ ካስረዳኋቸው በኋላ እሳቸውም ሳቁ፤ በዚህም ተራራ ድሮ በድብቅ አረቄ የሚያወጣ ሞልቶ ነበር አሉኝ።

ጾም ነበር። ውጭ በዚሁ ሽሮፕ የተለበጠ ትኩስ ዶናት ይሸጣል፤ ሰልፉ ረጅም ነው።

"እንቁላል አለበት?"

"አለበት ጋሼ።"

"ወተትስ?"

"አለበት።"

"እንግዲያው ሽታው ይበቃኛል።"

ሁለቱ ሽማግሎች በእኔ አስተርጓሚነት ስለ ልጆች አወሩ። የዚያኛው ልጆች ሁሉም ከተማ ገብተዋል። የእርሻውን ሥራ የሚረከብ የለም። ሃይላንድ በ1900 ከ5,500 በላይ ሰው ነበረው፤ በ2020 ቆጠራ 2,232 ነው። በስፋት አንድ ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያልፋል። በሕዝብ ብዛት ከቨርጂኒያ ካውንቲዎች ሁሉ መጨረሻ ነው። አጎቴ ከመስኮቱ ወደ ባዶው መስክ እያዩ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። የእሳቸው ችግር ተቃራኒው ነው። ከአባታቸው የደረሳቸውን መሬት ለልጆች ሲያካፍሉ ለመጨረሻው ልጅ የቀረው አንድ ጥማድ አይሞላም። ያም ልጅ አዲስ አበባ ገባ።

"ይኼን ሁሉ መሬት ማን ያርሰዋል?"

"አይታረስም ጋሼ። ሣር ነው፤ ለከብትና ለበግ።"

"አጥሩስ?"

"የግል ነው።"

ይህን ጊዜ ስለ ጓሳ ማውራት ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ማንም አላስቆማቸውም። ጓሳ አጥር ኖሮት አያውቅም፤ ሕግ ግን ነበረው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ አስቦና ጌራ የሚባሉ አቅኚ አባቶች አገሩን ሲይዙ ጓሳን የጋራ አደረጉት። ሥርዓቱ ቄሮ ይባላል። ከእነዚህ አባቶች የተወለደ ሁሉ መብት አለው፤ ግን እንዳሻው አይገባም። በየወገኑ የተመረጠ ዳኛ አለ። ሣሩ እስኪጠና ድረስ ለዓመታት ይዘጋል፤ ድርቅ ከመጣ ይከፈታል። ሣሩ የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ ዝናብ የሚከላከሉበት ገሳ ነው። መሬት በ1967 ዓ.ም. ሲታወጅ የዘር መብቱ ቀረ፤ ቄሮም አብሮ ፈረሰ። ጓሳ ተጎዳ። በኋላ የአካባቢው ሰው ራሱ ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን መለሰው። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ዛሬም ያሉት በዚህ ነው።

ስለዚህ ሁሉ ጓሳ ላይ ስንት የብረት ሰሌዳ አለ ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ሰሌዳው እሳቸው ናቸው። የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። የሃይላንድን ታሪክ የነገረኝ ብረት ነው፤ ሰው ቢያልቅም ይነበባል። የመንዝን የነገሩኝ ግን አዛውንት ናቸው፤ የመመለሻ ትኬታቸው ደግሞ ለሚያዝያ ተቆርጧል።

ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ጋ ልንደውል አስበን ስልኬን ሳወጣ መረብ የለም። ተራራው ብቻ አይደለም ምክንያቱ። አጎራባቹ ፖካሆንታስ ካውንቲ ውስጥ ግሪን ባንክ የሚባል ቦታ ከሰማይ የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ የሚያዳምጥ ግዙፍ ቴሌስኮፕ አለ። እሱ እንዳይረበሽ ከ1958 ጀምሮ ሰፊ አካባቢ ላይ የማሰራጫ ገደብ አለ፤ ሃይላንድም እዚያ ውስጥ ነው። "ኮከብ እንዲሰማ ብለው ነው ስልኩ የማይሠራው" አልኳቸው። አጎቴ አገር ቤት ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ ያሳለፉ ሰው ናቸው። "እኛጋ ማንን ለመስማት ነው የሚዘጋው?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

የመጨረሻው ማረፊያችን ሃይታውን ነበር። ጥቂት ቤቶችና አንድ ጎተራ ናቸው። ስለዚያ ጎተራ ጣሪያ የሚነገር ነገር አለ። በአንዱ ክንፍ የሚወርደው ዝናብ ወደ ፖቶማክ ይሄዳል፤ በሌላው ክንፍ የሚወርደው ወደ ጄምስ ወንዝ። አጎቴ ይህን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው በራ።

"እኛም ጋ እንዲሁ ነው እኮ!" አሉ። "ከጓሳ በምዕራብ የወረደው በጀማ አድርጎ ዓባይ ይገባል። በምሥራቅ የወረደው ወደ አዋሽ ነው።"

"የእኛዎቹ ግን ተመልሰው አይገናኙም ጋሼ።"

"የእነሱስ ይገናኛሉ?"

ይገናኛሉ። ፖቶማክና ጄምስ ሁለቱም ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ይገባሉ። ዓባይ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ሲደርስ፣ አዋሽ ባሕር ሳያይ አፋር በረሃ ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። አጎቴ ጎተራውን ዞሩት። ጣሪያውን ቀና ብለው አዩት። ዝናብ አልነበረም።

ማታ አርሊንግተን ስንገባ ደክሟቸው ነበር። ወደ ወጥ ቤት ሄደው ቧንቧውን ከፈቱና ብርጭቆ ሞሉ። ቀኑን ሙሉ ይዘውት የዞሩትን ባዶ ሃይላንድ አጠቡና ከሌሎቹ ጋር መስኮቱ ላይ ደረደሩት። ወደ አገር ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ ለሚሮጡት ልጆች እየሰበሰቡ ነው።

"ይኼ ውኃ ከየት ነው የሚመጣው?"

"ከፖቶማክ።"

"ከዚያ ጣሪያ?"

"ከዚያም ከብዙ ቦታም።"

ብርጭቆውን በብርሃን አዩት።

"የሌላኛውን ክንፍስ ማን ይጠጣዋል?"

"ሪችመንድ ያሉት።"

"እዚያም ሐበሻ አለ?"

"አለ ጋሼ።"

"በል እንግዲህ" አሉና ጠጡት።