ለክቡር «በጣም እስማማለሁ» የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በቱሪስት መጠይቅ አምስተኛው ሳጥን ውስጥ ለሚኖሩት
ለክቡር «በጣም እስማማለሁ»
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አቤቱታ ስለማቅረብ

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ጎንደር ተቀምጬ ሰሜን ተራሮችን የማስጎበኝ፣ እርስዎን በአደራ ተሸክሜ ደባርቅን የማልፍ፣ ሲያስፈልግም እስክሪብቶ የማበድር አገልጋይዎ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ሳንቃበር አካባቢ እንግዶቼ ጭላዳ ዝንጀሮ እያዩ ምሳ በሉ። ከዚያ የኢኮ ቱሪዝም ግንዛቤ መጠይቁን አደልኳቸው። «ይዤ የወጣሁትን ቆሻሻ ይዤ መውረድ አለብኝ» ለሚለው እርስዎን መረጡ። «የዱር እንስሳ መመገብ ተገቢ አይደለም» ለሚለውም እርስዎን። አንዷ እንግዳ በቀኝ እጇ እርስዎ ላይ ምልክት እያደረገች በግራዋ ለጭላዳ ዳቦ ትወረውራለች። ጭላዳ እኮ ሳር ግጦ አዳሪ ነው፤ ዳቦ ካስለመዱት የሰው ቦርሳ መፈተሽ ይጀምራል። «ኧረ ክልክል ነው» ብላት «አውቃለሁ፣ ተስማምቻለሁ እኮ!» ብላ ወረቀቱን አሳየችኝ።

ሲነሱ የውሃ ፕላስቲኩም፣ የሙዝ ልጣጩም፣ ሶፍቱም እዚያው ቀረ። ለቃቅሜ በፌስታል ይዤ ተከተልኳቸው። መንገድ ላይ ማንጠልጠያው ተበጠሰና ልቋጥረው መሬት ባስቀምጠው፣ የሌላ ቡድን ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ከኋላዬ ደረሰ። «አንተ! የአገር ልጅ ሆነህ ቆሻሻ ስትጥል አታፍርም?» እንግዶቼ ክብ ሠርተው ቆሙ። ባለዳቦዋ «ምን እያለህ ነው?» አለችኝ። አስተርጓሚው እኔው ነኝና የተሰደብኩትን ስድብ ራሴ ተረጎምኩላት። በሐዘን ራሷን ነቀነቀች። ማታ ወረቀቱን ስሰበስብ አስተያየት መስጫው ላይ የጻፈችውን አነበብኩ፦ «ለአካባቢው ማኅበረሰብ የግንዛቤ ስልጠና ይሰጥ።»

ስልጠና! ለማን? ፓርኩ በፈረንጆች 1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ከ1996 እስከ 2017 ድረስ ደግሞ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሮ ቆየ። ሳሩ ይረፍ፣ ዋልያው ይረፍ ተብሎ ፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሰው በፈረንጆች 2016 ከተወለደበት ቀዬ ተነስቶ ደባርቅ ሰፈረ። ቤቱን፣ ማሳውን፣ ጎረቤቱን ትቶ ወረደ። አንተ አንድ ባዶ ፕላስቲክ ማውረድ አቃተህ! ያውም ባዶውን! ሙሉውን ተሸክመህ ወጥተህ የለም እንዴ? ሰውየው ስለ ዋልያ መጠይቅ አልሞላም፤ አገሩን ነው የለቀቀው።

ይቅርታ፣ እርስዎ ለማለት ነው።

ሌሎቹን አቤቱታዎች እንኳ ባልፋቸው ይሻላል። «ተፈጥሮን በጸጥታ አደንቃለሁ» ላይ እርስዎን መርጦ ገደሉ አፋፍ ላይ ስፒከር የሚከፍተው የአገራችን ጎብኚም የእርስዎው ወዳጅ ነው። የፋሲል ግንብ ላይ ስሙን በሚስማር የሚፈለፍለውም እንደዚያው።

ለምን አትቆጣቸውም ይሉኝ ይሆናል። ቱሪስት በጠፋበት ዘመን ማን የመጣውን ይቆጣል? ደግሞ ጉርሻ አለ። እሱም ቢሆን በዚህ ጉዞ ባዶ እጅ መጨባበጥ ሆኖ ቀረ እንጂ።

ከሰላምታ ጋር
ባለፌስታሉ አስጎብኚ

ግልባጭ
ለ«አልስማማም»፦ እስካሁን ማንም ምልክት አድርጎባቸው ስለማያውቅ ሥራ ፈተው መቀመጣቸውን ሰምቻለሁ። በሚቀጥለው ጉዞ ፌስታል በመያዝ እንዲያግዙኝ።