የእንጦጦን ቁልቁለት በዲናሞ መያዝ አይቻልም

ከሱሉልታ ተነስቶ በእንጦጦ በኩል ወደ መሀል አዲስ አበባ የሚወርድ ሾፌር መንገዱን ሙሉ ፍሬን እየረገጠ፣ ሽቅብ ሲወጣ የከፈለበትን ኃይል በሙቀት መልክ ይደፋዋል። 1,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና 500 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 1.6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ይህን ለማትረፍ በነዳጅ መኪና ላይ፣ ፍሬን ሲያዝ የሚሠራ ትልቅ ዲናሞ ለመግጠም የሚያስቡ አሉ። በእኔ እምነት ገንዘቡም ድካሙም ከንቱ ነው።

ይህንኑ መኪና በሰዓት 50 ኪሎሜትር እየሄደ በ5 ሰከንድ ለማቆም በአማካይ 23 ኪሎዋት መያዝ ያስፈልጋል። የ90 አምፔር ዲናሞ በ14 ቮልት 1.3 ኪሎዋት እንኳ አይሞላም። ከመቶ 5 እጅ ግድም መሆኑ ነው፤ እሱንም የሞላ የአሲድ ባትሪ አይቀበለውም። የነዳጅ መኪና ያለው በ2ኛ ማርሽ ይውረድ። ባለ ኢንጄክሽን ሞተር ነዳጅ ሳይረገጥ በማርሽ ሲወርድ ነዳጁን ራሱ ይዘጋል፣ የፍሬን ሸራም ይተርፋል።

ወደ ኤሌክትሪክ የተቀየረ መኪና ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የኤሲ (ተለዋዋጭ ጅረት) ሞተር ከሆነ ቁልቁል ሲወርድ ጄኔሬተሩ እሱው ነው፤ ቀሪው የኮንትሮለር፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል የሚመጥነው የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን፣ ማስተካከያ ነው። (ሲሪስ ዲሲ የሚባለውን ባለ ብሩሽ ሞተር የገጠመ ሰው ይተወው፣ ብሩሹን ያቃጥላል።) ለ96 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም ፎስፌት ባትሪ ቁልቁል ሲወረድ የሚመለስለትን ጅረት በ20 አምፔር ጀምሮ ከ50 አለማለፍ ይበጃል። ኃይሉ በአንዴ ሳይሆን በ1 ሰከንድ ውስጥ ቀስ ብሎ ይግባ፤ በክረምት ጭቃ ላይ ድንገት ከገባ የሚነዱት ጎማዎች ይንሸራተታሉ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ቻርጅ ላይ ነው። ዳገት ላይ የሚኖር ሰው ማታ 100 ከመቶ ሞልቶ ጠዋት ቁልቁል ሲወርድ፣ የባትሪው መቆጣጠሪያ ከመጠን በላይ እንዳይሞላ መስመሩን ይቆርጣል። የሚመለሰው ኃይል መሄጃ ሲያጣ ቮልቴጁ ይዘላል፤ ኮንትሮለሩ ሊቃጠል ይችላል፣ መኪናውም ቁልቁለቱ መሀል ላይ መያዙን ይተዋል። ቁልቁለቱ የሚመልሰው 1 ኪሎዋት ሰዓት ስለማይሞላ 85 ከመቶ ላይ ማቆም በቂ ነው። ኮንትሮለሩም 30 ሴል ላለው ባትሪ 105 ቮልት ላይ መመለሱን እንዲያቆም ይታዘዝ።

የዘይት ፍሬኑን ማንም አይንካው። የነዳጅ ሞተሩ ሲወጣ ግን ሰርቮው (የፍሬን ፔዳሉን የሚያቀለው መሣሪያ) አየር የሚስብለት ያጣል፣ ፔዳሉም ይደነድናል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የቫክዩም ፓምፕ ሳይገጠምለትና የኋላ የፍሬን መብራት በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ) ከኮንትሮለሩ ጋር ሳይያያዝ መኪናው ከጋራዥ መውጣት የለበትም፤ ፔዳል ሳይረገጥ ፍጥነት የሚቀንስን መኪና ከኋላ የሚከተለው አይሱዙ ሊያውቅ የሚችለው በመብራቱ ብቻ ነው።