ጋቢና የተቀመጠው ልጅ ዝም እንዳይል

ጠዋት ሁለት ሰዓት አካባቢ ከአራት ኪሎ በራስ መኮንን ድልድይ አድርጎ ወደ ፒያሳ በእግሩ የሚሄድ ሰው ተማሪ ትራፊኮቹን ሳያይ አያልፍም፣ ዩኒፎርማቸው ላይ አንጸባራቂ ሰደርያ ደርበው ትናንሾቹን ያሻግራሉ፣ የአስራ ሦስት የአስራ አራት ዓመት ልጅ እጁን ዘርግቶ ሚኒባስ ቀጥ ያደርጋል። እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ነው፣ ልጆቼንም እዛ ነው ያሳደግኩት፣ አዲስ አበባ ስመጣ እነዚህን ልጆች ሁሌ ቆሜ አያቸዋለሁ፣ ያኮሩኛል። ዘንድሮ ግን ሳያቸው አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። ከአራት ከአምስት ዓመት በኋላ እኮ እነዚሁ ልጆች አስራ ስምንት ይሞላቸዋል፣ አንዱ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ የአባቱን ቪትዝ ይይዛል፣ ሌላው ጋቢና ይቀመጣል፣ ሦስት አራቱ ከኋላ ይታጨቃሉ፣ ያን ሰዓት ማነው የሚያናግራቸው? ትንሽ ሆነው መንገድ እንዴት እንደሚሻገሩ ተምረዋል፣ ከዛ በኋላ ማሰልጠኛ ገብተው ምልክት ሸምድደው ይወጣሉ፣ በመሀል ያለው ግን ባዶ ነው።

እዛ ያለውን ትንሽ ላውራችሁ። ቨርጂኒያ ልጅ 15 ዓመት ከ6 ወር ሲሆነው የለማጅ ፈቃድ ማውጣት ይችላል፣ ከዛ ቢያንስ ለ9 ወር ትልቅ ሰው አጠገቡ አስቀምጦ ነው የሚነዳው፣ 45 ሰዓት መንዳቱን ወላጅ ፈርሞ ያረጋግጣል፣ ከ45ቱ ደሞ 15ቱ ከመሸ በኋላ መሆን አለበት። መንጃ ፈቃዱን ካገኘም በኋላ የመጀመሪያውን ዓመት ከቤተሰቡ ውጪ ዕድሜው ከ21 በታች የሆነ ሰው ከአንድ በላይ መጫን አይፈቀድለትም፣ ለሥራና ለመሳሰሉት ካልሆነ በቀር ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት አይነዳም፣ 18 እስኪሞላው መሪ ይዞ ስልክ በማዳመጫም ቢሆን ማውራት ክልክል ነው። ወረቀቱን ራሱ የሚሰጠው ዳኛ ነው፣ ልጁና ወላጁ ፍርድ ቤት ይጠሩና ዳኛው ወይም ዳኛዋ ልጆቹን ሰብስበው መክረው ነው የሚያስረክቧቸው። እንደውም የኛ ሰፈር እናቶች ልጅሽን ይዘሽ ፍርድ ቤት ቅረቢ የሚል ደብዳቤ ሲደርሳቸው ልባቸው ቀጥ ይላል፣ ልጄ ምን አጠፋ ብለው ሌሊቱን ሳይተኙ የሚያድሩ አሉ።

አንድ ሰው ብቻ ጫን የተባለው ለምን መሰላችሁ? ወጣት ሹፌር መኪናው ውስጥ እኩዮቹ በበዙ ቁጥር የመሞት አደጋውም ይጨምራል፣ ይሄ በተደጋጋሚ የተጠና ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ16 እስከ 19 ዓመት ያሉ ሹፌሮች በሚነዱት ማይል ሲሰላ ሰው የሚሞትበት አደጋ ውስጥ የሚገቡት ከ20 ዓመት በላይ ካሉት ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ ነው። ጓደኛ ሲኖር ልጁ የሚነዳው መንገዱን አይቶ ሳይሆን ጓደኞቹን አይቶ ነው፣ ሙዚቃው ይከፈታል፣ ንዳው እንጂ ይባላል፣ ሰውየውን ቅደመው ይባላል። እዛ ያሉ አንዳንድ አስተማሪዎችና ተማሪዎች የገባቸው ነገር ደሞ ይሄ ነው፣ ጓደኛ ሰውን ገደል መጨመር ከቻለ ከገደል መመለስም ይችላል።

ነገሩ የቆየ ነው። በፈረንጆቹ 1981 ማሳቹሴትስ ዌይላንድ የምትባል ከተማ ውስጥ ተማሪዎች በመጠጥና በመኪና አደጋ ሲሞቱ ሮበርት አናስታስ የሚባል አስተማሪ ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ ሳድ የሚባለውን የተማሪዎች ማህበር አቋቋመ፣ መጀመሪያ ጠጥቶ መንዳትን የሚቃወም ብቻ ነበር፣ በኋላ ሌላም ጉዳይ ጨምሮ አገሩን ሁሉ አዳረሰ። ቴክሳስ ውስጥ በፈረንጆቹ 2002 የዩኒቨርሲቲ የትራንስፖርት ተመራማሪዎች የጀመሩት አለ፣ እሱ ላይ መልእክቱን የሚቀርጹትም የሚያስተላልፉትም ራሳቸው ታዳጊዎቹ ናቸው፣ የሌሊት መንዳት፣ ፍጥነት፣ ስልክና ጫጫታ፣ ቀበቶ አለማሰር፣ መጠጥ፣ እነዚህን አምስቱን ይዘው ይሰራሉ። ቨርጂኒያ ደሞ ዮቫሶ የሚባል የወጣቶች የመንገድ ደህንነት ፕሮግራም አለ፣ የኔ ልጅ ትምህርት ቤት ያለው ክበብም የነሱ አባል ነው። ምን ይሰራሉ ያላችሁ እንደሆነ፣ ጠዋት የተማሪ መኪና ማቆሚያው መግቢያ ላይ ወረቀት ይዘው ይቆሙና ቀበቶ ያሰረውንና ያላሰረውን ይቆጥራሉ፣ ስም አይጽፉም፣ አይከሱም። ከዛ ቁጥሩን ኮሪደር ላይ ይለጥፉታል፣ ከመቶ ይህን ያህላችን አላሰርንም ብለው። ሁለት ሦስት ሳምንት ፖስተር ነው፣ ቪዲዮ ነው፣ ምሳ ሰዓት ላይ ጨዋታ ነው፣ ከዛ ሳይነግሩ እንደገና ይወጡና ይቆጥራሉ። በቃ ይሄው ነው።

እኔ አባቱ የነገርኩት፣ ዳኛው የነገሩት፣ ክፍል ውስጥ የተማረው፣ ልጄ ሁሉንም አዎ አዎ ብሎ ነው የሰማው። ስልኩን ሞተር ሳያስነሳ ኋላ ወንበር ላይ ማስቀመጥ የጀመረው ግን በአንድ ክፍል የምትበልጠው የክበቡ መሪ ስትናገር ሰምቶ ነው። እሷ ምን ብላ እንደነገረቻቸው ጠየቅኩት፣ ከኔ የተለየ ነገር አልነገረችውም። ልዩነቱ ማን ተናገረው ነው። የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ የሚፈራው ሞትን አይደለም፣ ሞት ለሱ የሽማግሌ ጉዳይ ነው፣ የሚፈራው ጓደኞቹ ፊት መቅለልን ነው፣ ስለዚህ ቀበቶ ማሰር የማያስንቅ መሆኑን ሊነግረው የሚችለው የሚንቀው ወይም የሚያከብረው እኩያው ብቻ ነው።

አሁን ወደዚህ ልመለስ። አዲስ አበባ አውራ መንገዱ ተቀይሯል፣ ከፒያሳ አራት ኪሎ፣ ወደ ቦሌም ወደ ሜክሲኮም፣ በኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ የሳይክል መስመር ወጥቷል፣ ሌሊት መብራቱ እንደ ቀን ነው። ደስ ይላል፣ እኔ ልጅ ሆኜ የማውቀው ከተማ አይመስልም። ግን ከምሽቱ አራት አምስት ሰዓት በኋላ መንገዱ ጭር ሲል ያ አስፋልት ለአንድ የሀያ ዓመት ልጅ ምን እንደሚመስለው አስቡት። መኪናውም ተቀይሯል፣ መንግስት በ2016 ዓ.ም የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ካለ ወዲህ የኤሌክትሪኩ በዝቷል፣ እሱ ደሞ ገና ሲረገጥ ነው ተፈትልኮ የሚወጣው፣ ድምፅም የለው፣ የሚሻገረው ሰው ዞር ብሎ ካላየ መምጣቱን አይሰማም። እዚህ ከተማ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ይሄንን ልዩነት ልብ በሉልኝ፣ አሜሪካ የታዳጊ ሹፌር ዘመቻ ባብዛኛው ራስህንና ጓደኞችህን አትግደል ነው የሚለው፣ እዚህ ግን ልጁ ሲያጠፋ የሚሞተው ብዙ ጊዜ መኪናው ውስጥ የሌለ ሰው ነው፣ ከሥራ አምሽታ ታክሲ ልትይዝ የምትሮጥ ሴት ናት። ስለዚህ የነሱን ፖስተር አምጥቶ ተርጉሞ መለጠፍ አይሰራም፣ መልእክቱ እዚሁ ባሉ ልጆች አፍ መሰራት አለበት።

ሰርጉን ደሞ እዩት። ቅዳሜና እሁድ መስቀል አደባባይ አካባቢ አጀቡ ሲያልፍ ሚዜዎቹ በመስኮት ግማሽ አካላቸውን አውጥተው ይጨፍራሉ፣ ካሜራ ያዡ የኋላ ኮፈኑ ተከፍቶ እዛ ላይ ቁጭ ብሎ ይቀርጻል፣ ሹፌሮቹ መብራት እንዳይለያያቸው ተከታትለው ቀይ ይጥሳሉ፣ ሁላችንም ዳር ቆመን እልል እንላለን። ይሄንን ማነው የሚያስቆመው? ትራፊክ ፖሊስ በሰርግ ቀን ማንን ያስከፋል፣ ሽማግሌዎቹ ደሞ ሌላ መኪና ውስጥ ናቸው። አንደኛ ሚዜ ግን ይችላል። ከሙሽራው ጓደኞች የሚከበረው እሱ ነው፣ ጠዋት ከመነሳታቸው በፊት ማንም በመስኮት አይወጣም፣ የሚነዳ ሰው አይጠጣም ቢል የሚጣላው የለም። አንድ ሰርግ ላይ አንድ ልጅ እንደዚህ ካለ በሚቀጥለው ሰርግ ሌላው ይለዋል፣ እኔ በዚህ በጣም አምናለሁ።

አዲስ ነገር ከውጪ እናምጣ እያልኩም አይደለም። አቻ ለአቻ የሚባለውን ነገር ኢትዮጵያ ካሜሪካ መማር የለባትም። በዘጠናዎቹ የተማረ ሰው ፀረ ኤድስ ክበብን ያስታውሳል፣ ስለዛ በሽታ ቤተሰብ አፍ አውጥቶ በማያወራበት ጊዜ ተማሪዎች ድራማ ሰርተው፣ ግጥም ጽፈው፣ በሚኒ ሚዲያ አንብበው፣ ቡና አፍልተው ተወያይተው ለእኩዮቻቸው ተናግረዋል። ሰው የሚያፍርበትን ጉዳይ ያወሩ ልጆች ስለ ቀበቶና ስለ ፍጥነት ማውራት እንዴት ያቅታቸዋል? ሚኒ ሚዲያው አሁንም አለ፣ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ማይክ የሚይዙት ልጆች አሉ፣ የትራፊክ ክበብ ያላቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። የጎደለው የሚነገረው ነገር ነው፣ ግራ ቀኝ አይታችሁ ተሻገሩ ላይ ቆሟል፣ እሱም ያስፈልጋል፣ ግን አስራ አንደኛና አስራ ሁለተኛ ክፍል ላለ ልጅ አይበቃውም።

ከሁሉ የሚከብደው ጋቢና የተቀመጠው ልጅ ጉዳይ ነው። እኛ ጋ ይሉኝታ አለ፣ የጓደኛህ መኪና ውስጥ ተቀምጠህ ቀስ በል ማለት ነውር ይመስላል፣ ፈሪ ያስብላል፣ በነጻ ጭኖህ ደሞ ትናገራለህ እንዴ ይባላል። ሚኒባስ ውስጥ እንኳ ሹፌሩን ቀስ በል ልጄ የሚሉት አንድ አዛውንት ናቸው፣ ወጣቱ አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቶ ዝም። ይሄ በልምምድ የሚፈታ ነገር ነው፣ እዛ ክበቦቹ ውስጥ ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይለማመዱታል፣ አንዱ ሹፌር ሆኖ ይነዳል አንዱ ይናገራል፣ ሳያዋርዱ መናገር እንዴት እንደሚቻል፣ ሽንት ቤት ልወርድ ነው አቁምልኝ ብሎ መውረድም ቢሆን። አማርኛ ለዚህ የሚሆን ስንት ለዛ አለው፣ ቁጣ የሌለበት ነገር ግን የሚያስቆም አነጋገር እዚሁ ክፍል ውስጥ ያሉ ልጆች ከኔ በላይ ያውቁታል።

ሌላው ወላጅን የሚመለከተው ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሳድ ከጅምሩ ያመጣው አንድ ስምምነት አለ፣ ልጅና ወላጅ ቁጭ ብለው ይፈራረማሉ። ልጁ የጠጣ ሰው በሚነዳው መኪና አልሄድም፣ እኔም ጠጥቼ አልነዳም፣ ችግር ከገጠመኝ በማንኛውም ሰዓት እደውላለሁ ይላል፣ ወላጅ ደሞ መጥቼ እወስድሃለሁ፣ እዛው ቁጣና ጥያቄ አላነሳም፣ ሌላ ቀን በሰከነ መንፈስ እንነጋገራለን ይላል። እስቲ ይሄንን የኛ ቤት ውስጥ አስቡት። ልጁ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት አባዬ ከጓደኞቼ ጋር ነኝ፣ የሚነዳው ልጅ ጠጥቷል ብሎ ቢደውል ስንቶቻችን ነን መጀመሪያ የት ነህ የምንለው? እንዴት እዛ ተገኘህ፣ ከማን ጋር ነህ፣ አንተም ጠጥተሃል ማለት ነው፣ ነገ እንተያያለን ነው የምንለው። ልጁ ይሄን ስለሚያውቅ አይደውልም፣ አባቱን ከመጋፈጥ የሰከረው መኪና ውስጥ መግባት ይቀለዋል። አሌክሳንድሪያ ያለነውም ከዚህ አልተላቀቅንም፣ ልጆቻችን ከፈረንጅ ጓደኞቻቸው ይልቅ እኛን ይፈራሉ፣ ያ ፍርሃት ከብዙ ነገር ጠብቋቸዋል ብዬ አምናለሁ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ሊገድላቸው ይችላል። እዚህ እንደውም ነገሩ የቀለለ ነው፣ አባትየው ተነስቶ መሄድ እንኳ አይጠበቅበትም፣ ስልኩ ላይ ራይድ ወይ ፈረስ ጠርቶ ልጁ ያለበት ድረስ መላክ ይችላል፣ የሚጠበቅበት ያን ሌሊት አፉን መያዝ ነው።

ጓደኛ ጓደኛውን ስለመከረ ብቻ ሁሉ ይስተካከላል ማለቴ አይደለም። ለገሃር ላይ እንደተደረገው መስቀለኛውን አጥብቦ እግረኛው የሚሻገርበትን ርቀት ማሳጠር ከመቶ ፖስተር ይበልጣል፣ ሳያሰለጥን የሚያስመርቅ ማሰልጠኛ ካለ ደሞ ያ የመንግስት ቁጥጥር ጉዳይ ነው፣ ልጆች ላይ አይጫንም። ዓለም ላይ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን በመግደል የመንገድ አደጋ አንደኛ ነው ይላል የዓለም ጤና ድርጅት፣ ይሄን የሚያህል ነገር በአንድ መንገድ አይፈታም። ግን መንገድ ማስተካከል ዓመታት ይወስዳል፣ ገንዘብ ይጠይቃል። ቆጠራው ወረቀትና እስክሪብቶ ነው።

ስለዚህ እዚህ መሀል ከተማ ክበብ ለሚመሩ መምህራንና ማይኩን ለያዙት ልጆች የምለው፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ልጅ ማውረጃ በሩ ላይ ቁሙና ቁጠሩ። ጋቢና ያለው ልጅ አስሯል ወይ፣ ሹፌሩ ስልክ ይዟል ወይ፣ ትንሽ ልጅ ከፊት ጭን ላይ ተቀምጧል ወይ፣ ሦስት ጥያቄ ይበቃል። የታርጋ ቁጥር አትጻፉ፣ ወላጅ አታሳፍሩ። ማክሰኞ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ቁጥሩን ብቻ አንብቡት፣ ከመቶ መኪና ይህን ያህሉ ብላችሁ፣ ልጆቹ ቤት ሄደው ለአባታቸው ይናገራሉ። ከአንድ ወር በኋላ ደሞ ሳትናገሩ ውጡና እንደገና ቁጠሩ።